«ይሄን መስፈርት ማን ነው ያወጣው?»

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዳታ ያጠራችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ዋይፋይ ስታገኙ ተመለሱበት።

የመስቀል ሰሞን ሆሳዕና መናኸሪያ ቆሞ የማያውቅ ሰው ግርግር ምን እንደሆነ አያውቅም። ሰው ሁሉ ያሆዴን ከቤተሰቡ ጋር አሳልፎ ወደየሥራው ሲመለስ ነው። እኔም እህቴን ወደ አዲስ አበባ ልሸኝ ሄጄ ነበር። ረዳቶቹ «ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው የጎደለው!» «ሾኔ የሞላ!» «ቡታጅራ፣ ቡታጅራ!» ይላሉ። እህቴን አሳፍሬ ዞር ስል ከኋላዬ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። ስሟን አልጠቅስም። ዛሬ በአንድ ገጠር ወረዳ ጤና ጣቢያ በዲፕሎማ ነርስ ሆና ትሠራለች። መኪናዋ እስኪሞላ ከመናኸሪያው አጥር ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ተቀመጥን። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ኑሮ ተጠያየቅን። ከዚያ ከቦርሳዋ ባለ 50 ሉክ ደብተር አውጥታ ሰጠችኝ።

ደብተሩ በማስመሪያ ተሰምሯል። ቀን፣ ቀበሌ፣ ምጥ የጀመረበት ሰዓት፣ ጤና ጣቢያ የተደረሰበት ሰዓት፣ በምን እንደመጡ፦ በቃሬዛ፣ በባጃጅ፣ በአምቡላንስ። ስም ግን የለውም። «የእናቶቹን ስም አልጽፍም፤ ገመናቸው ነው» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በላይ ስትጽፍ ቆይታለች።

«አዩት ቲቸር? ከዚህች ቀበሌ የሚመጡት ክረምት ላይ ሁሌም ዘግይተው ነው። በጋ ላይ ደህና ናቸው። ወንዙ ነው። ይሄንን ሰው በሚቀበለው መንገድ፣ እንደ ጥናት አድርጌ ማቅረብ ግን አላውቅበትም። ለዛ ነው መማር የፈለግኩት።»

ቀጥላ ስልኳን ከፈተች። ለሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ የወጣ የመግቢያ መስፈርት ፎቶ አንስታዋለች። በጤና ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ። ትራንስክሪፕት። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ። ሁለት ሰው የሚጽፍላት የምስክርነት ደብዳቤ። የብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤት። ከዚያም የትምህርት ክፍሉ የራሱ ፈተና። ልትጠይቅ የሄደችበት ቢሮ ያለ አንድ ሰው ወረቀቷን አየት አድርጎ «በዲፕሎማ ምን ፈልገሽ መጣሽ?» ብሎ መልሷታል።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ የታሪክ መምህር አይደሉ? ይሄን መስፈርት ማን ነው ያወጣው?»

መልስ ሳልሰጣት ረዳቱ ጠራትና መኪናዋ ሄደ። እኔም ወደ ቤቴ ስሄድ አሰብኩት። እውነትም የታሪክ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን መስፈርትን እንደ ተራራ ነው የምናየው፤ ከጥንት ጀምሮ እዛው የነበረ፣ ማንም ያላስቀመጠው። ግን እያንዳንዱ መስፈርት የተወለደበት ቀን አለው። አንድ ችግር ያስጨነቀው ሰው ወረቀት ላይ አስፍሮታል። ችግሩ ሲቀየር ደግሞ ተቀይሯል። እስቲ አብረን እንየው።

1. ከዲፕሎማው በፊት ቄሱ ነበሩ

ከሩቅ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ብሮድ ስትሪት የሚባል መንደር ኮሌራ ገባ። በጥቂት ሳምንታት ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም በሽታው የሚመጣው ከመንደሩ የውኃ ፓምፕ ነው አለ። በጊዜው የተማረው ሁሉ በሽታው በመጥፎ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ስለነበር ብዙ ሰው አልተቀበለውም።

ካልተቀበሉት አንዱ ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባሉ የመንደሩ ቄስ ናቸው። ሐኪም አይደሉም፤ የሕክምና ወረቀት የሚባል ነገር የላቸውም። የስኖውን ሐሳብ ውድቅ አደርጋለሁ ብለው ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ጀመሩ። ማን ታመመ? መቼ? ከየት ነው ውኃ የቀዳው? ሰዎቹ የሚያውቋቸውና የሚያምኗቸው ቄሳቸው ናቸውና ለእንግዳ የማይናገሩትን ነገሯቸው። በመጨረሻ ቄሱ ራሳቸው አመኑ፤ ስኖው ትክክል ነበር። እንዲያውም የወረርሽኙ መነሻ ሳትሆን አትቀርም የተባለችውን ሕፃን ያገኙት እሳቸው ናቸው። የሕፃኗ ሽንት ጨርቅ የታጠበበት ውኃ የፈሰሰው ከፓምፑ አጠገብ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ኤፒዴሚዮሎጂ ለምንለው ትምህርት መሠረት ከጣሉት መካከል አንዱ፣ በዛሬው መስፈርት ቢለካ ማመልከቻው ገና ከበሩ የሚመለስ ሰው ነው።

የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ በሕብረተሰብ ጤና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ደብሊን የሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ጀመረው፤ በ1875 ካምብሪጅ ተከተለ። መግቢያው አንድ ነገር ነበር፦ አስቀድሞ ሐኪም መሆን። በ1888 ደግሞ እንግሊዝ በሕግ ደነገገችው። 50 ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ባለበት ወረዳ የጤና ኃላፊ ሆኖ የሚሾም ሐኪም ይሄ ዲፕሎማ ይኑረው ተባለ። ለምን? ከዚያ በፊት ቦታው በዘመድና በትውውቅ የሚያዝበት ጊዜ ስለነበር ነው። ስለዚህ መስፈርቱ ሲወለድ ሁለት ፊት ነበረው። ያልተገባውን ሰው አስቀረ፤ እንደ ቄሱ ያለውንም አብሮ አስቀረ። ይሄን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

2. የእኛ የመጀመሪያው ሐኪም በየት በር ገቡ?

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታውቋቸዋላችሁ። በዘመናዊ ሕክምና የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። የእሳቸው «የመግቢያ መስፈርት» ጦርነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንኖች ወስደው ሕንድ ውስጥ አሳደጓቸው። ላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በኋላ ስኮትላንድ ኤዲንብራ ትምህርታቸውን አሻሻሉ። ከዚያ ጎልማሳ ሆነው አገራቸውን ፈልገው መጡ።

ከእሳቸው በኋላም ለብዙ ዘመን ለኢትዮጵያዊ ሐኪም መሆን ማለት ባሕር መሻገር ማለት ነበር። አገር ውስጥ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 አዲስ አበባ ነው። ገጠሩን የሚያክመው ታዲያ ማን ነበር? ድሬሰር። በየሆስፒታሉና በየሚሲዮኑ ክሊኒክ እያገዘ የተማረ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ሰው። በእኛ በሐዲያና በከምባታም ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ድሬሰሩን «ሐኪም» ብለው ነው የሚጠሩት። ያዳናቸውን ሰው ወረቀት አምጣ ብለው አያውቁም።

3. ጎንደር፦ ወባ በሩን ሰፋ አደረገው

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ገባን።

እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ተነሳ። ሰው በሺዎች አለቀ። መንግሥት ሐኪም እልካለሁ ቢል ከየት ያመጣል? ሐኪም ለማፍራት ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ያውም ፋኩልቲው ገና የለም። እናም በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካው ፖይንት ፎር አገዙ። በፈረንጅ አቆጣጠር 1954 መሆኑ ነው፤ የብሮድ ስትሪት ኮሌራ ልክ 100 ዓመቱ።

ጎንደር ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ትልቅ ውሳኔ ነበር። «ለሕዝብ ጤና የሚሠራው ሐኪም ብቻ ነው» የሚለውን መስፈርት ተወው። ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድ ቡድን አሠለጠነ፦ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ቡድኑ አንድ ላይ ጤና ጣቢያ ይገባል። መኮንኑ ያክማል፣ ያስተዳድራል፤ ነርሷ ለእናቶችና ለሕፃናት ትደርሳለች፤ ሳኒታሪያኑ ውኃና መጸዳጃ ያያል። ሐኪም ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ገጠሩ ሌላ ሃያ ዓመት ያለ ማንም ይቀር ነበር።

ያም ሆኖ ወባ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ ብዙ ቦታ ተነስቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ ወደ 150 ሺህ እንደሞተ ተገምቷል። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። እንዲህ ያለ መዓት ባለበት አገር መስፈርት የሚጻፈው በተረጋጋ መንፈስ አይደለም።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ሐሳቡ ተገለበጠ። የጤና መኮንን ሥልጠና ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጎንደር ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሕክምና ፋኩልቲ ሆነ። ሐኪም ይብዛ ተባለ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን መካከለኛው ደረጃ ተነሳ። ሥልጠናው የተመለሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በጥድፊያ ብዙ ሺህ የጤና መኮንን ማሠልጠን ተጀመረ፤ በዚያ ፕሮግራም ልምድ ያላቸው የዲፕሎማ ነርሶችም ገብተው ተምረዋል። ስለዚህ ልጄ፣ «በዲፕሎማ ምን ፈልገሽ መጣሽ?» ላለሽ ሰው የታሪክ መልስ አለን። አገሪቱ ስትቸገር በዲፕሎማ ኑ ብላለች።

4. እንዶድ፣ ልብስ አጣቢዎቹና ዶክተሩ

ስለ ጤና ምርምር ተነስቶ ዶ/ር አክሊሉ ለማን መዝለል ነውር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቢልሃርዝያን ተሸክሞ የሚያኖረው ቀንድ አውጣ ነው። እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ይገድላል ማለት ነው!

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ተገናኘ። የሴቶቹ ዕውቀት አለ፤ እንዶድን ከእናቶቻቸው የወረሱ፣ የትኛው ፍሬ በደንብ እንደሚያጠራ የሚያውቁ። የዶክተሩ ዕውቀት አለ፤ ጆንስ ሆፕኪንስ ዶክትሬት የሠሩ፣ ያዩትን እንዴት እንደሚፈትኑ የሚያውቁ። አንዱ ያለ ሌላው ምንም አይሆንም ነበር። ወንዙን ብዙ ሰው አይቶታል። «ለምን ሞቱ?» ብሎ ጠይቆ ሞክሮ ያረጋገጠ ግን እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው መማር የሚያስፈልገው። «የሕዝብ ዕውቀት ይበቃል፤ ዲግሪ ምን ያደርጋል» የሚል ወሬ አልወድም። ልጅቷም ይበቃል አላለችም፤ አስተምሩኝ ነው ያለችው።

ቀጥሎ የሆነው ግን ያሳዝናል። ዶ/ር አክሊሉ ግኝታቸው ተቀባይነት እንዲያገኝ ብዙ ዓመት ለፉ። ደህንነቱ በውጭ አገር ላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ አይቻልም ተባሉ፤ አገር ውስጥ የተሠራው እንደ ሥራ አልተቆጠረም። በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚታወቁ ዶክተርም በር ላይ ቆመዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ።

5. ቡታጅራ፦ እዚሁ መንገዳችን ላይ

ከሆሳዕና አዲስ አበባ ስትሄዱ ቡታጅራ ታልፋላችሁ። ብዙዎቻችን ሙዝና ውኃ የምንገዛባት ከተማ ናት። በሕብረተሰብ ጤና ምርምር ዓለም ግን ቡታጅራ ስሟ የገነነ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ክፉው ዘመን፣ ድርቁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። ሥራውን በመጀመሪያ ከመሩት አንዱ ዶ/ር ደስታ ሻሜቦ ናቸው። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጠ። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ለቆ ሄደ ተብሎ ቤት ለቤት ይመዘገብ ጀመር። ሥራው ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ብዙ ኢትዮጵያውያን ሦስተኛ ዲግሪ ሠርተዋል። በአካባቢው በተካሄደ የአእምሮ ጤና ጥናት ብቻ 68,378 ሰው ተጠይቋል። እንዲህ ያለ ጥናት ለአፍሪካ ብቻ ሳይሆን ለዓለምም ብርቅ ነው።

አሁን ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ ቤት ለቤት የዞረው ማን ነው? ፕሮፌሰሩ አይደሉም። ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ቋንቋውን የሚያውቁ፣ ውሻው የማይጮህባቸው፣ እናቲቱ «የእከሌ ልጅ» ብላ ቡና የምታቀርብላቸው። የለንደኑ ቄስ ዘመዶች ናቸው። እነሱ ደብተር ላይ በትክክል ባይጽፉ የፕሮፌሰሩ ቀመር ባዶ ነው።

የዚያች ልጅ ደብተር ሲሰጠኝ የታየኝ ይሄ ነበር። በቡታጅራ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተሠራውን ዓይነት ሥራ፣ በትንሹ፣ ማንም ሳይጠይቃት በሌሊት ተረኝነቷ ስትሠራ ቆይታለች።

6. ታዲያ ዛሬ በሩ ለምን ጠበበ?

ፍርድ እንዳላዛባ ሁለቱንም ወገን ልናገር።

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በሩ ተከፈተ። በ1995/96 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መስፈርቱ እጅግ ብልህ ነበር፦ ሴት፣ አስረኛ ክፍል የጨረሰች፣ የቀበሌዋ ነዋሪ፣ ቋንቋውን የምትናገር። አንድ ዓመት ተምራ ትመለሳለች። ከ30 ሺህ በላይ ሠለጠኑ። ስንት ሕፃን በነሱ እጅ ክትባት እንዳገኘ አስቡት። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሕክምና የሚማሩበት አዲስ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ተጀመረ። በዚያው ዓመት እዚሁ ሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ሆስፒታላችንም በሐዲያዋ ልጅ በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ተሰይሞ ዛሬ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። አያቶቻችን ይሄን ቢያዩ አያምኑም።

ግን በሩ ሲሰፋ አብሮ የገባም ነገር አለ። ወረቀት የሚሸጡ ኮሌጆች መጡ። መርፌ በትክክል ሳይዝ የተመረቀ ሰው አየን። እኛም መምህራን ንፁህ አይደለንም፤ ኩረጃውን እያየን ዝም ያልን ብዙ ነን። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4። ያ ቀን ለእኔ የሐዘን ቀን ነበር፤ የወደቀው ተማሪ ብቻ አይደለም፣ እኔም ነኝ። በ2015 የመውጫ ፈተና መጣ። ከ2016 ጀምሮ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ግዴታ ሆነ።

እኔ ፈተናውን አልቃወምም። ልጄን የሚያክም ሰው ተፈትኖ እንዲያልፍ እፈልጋለሁ። እናንተም ትፈልጋላችሁ።

ግን ታሪኩን አይቼ የደረስኩበት ይሄ ነው። መስፈርት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ምን ትችያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «በየት በኩል መጣሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ፈተና የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ባለ ሀብቱም ድሃውም ያው ወረቀት ላይ ይቀመጣል። የድጋፍ ደብዳቤው፣ የምስክርነቱ ደብዳቤ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ገጠር ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ፕሮፌሰር ከየት አምጥታ ነው የምታስመሰክረው? ኃላፊዋ ሠራተኛ ይጎድልብኛል ብሎ ደብዳቤውን ቢከለክላት ማን ይጠይቀዋል? ስለ ጤና ምርምር ደግሞ አንድ ጥያቄ ከመስፈርቱ ውስጥ ጠፍቶ ይገርመኛል። «እስካሁን ምን አስተዋልሽ? የጻፍሽው ካለ አሳዪን» የሚል።

7. የራሴ ጥፋት

እዚህ ድረስ ያነበባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጽሑፉን የጀመርኩት ግን ለዚህኛው ክፍል ነው።

በ2004 ዓ.ም. የአስረኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ያች ልጅ ፕሪፓራቶሪ የሚያስገባ ውጤት ነበራት። አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ምክር ጠየቁኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ገበሬ። ኮፍያቸውን አውልቀው «መምህር፣ እርስዎ የሚሉትን እናደርጋለን» አሉኝ። ያኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። እኔ ራሴ ከአስረኛ ክፍል በቀጥታ ኮሌጅ ገብቼ በዲፕሎማ የወጣሁ፣ በመምህር እጥረት ሁለተኛ ደረጃ የተመደብኩ ሰው ነኝ። የማውቀው መንገድ ያንን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ፕሪፓራቶሪ፣ ከዚያ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፤ ረጅም ነው። በዲፕሎማ ነርስነት ትግባና በሦስት ዓመት ደመወዝ ታምጣ» አልኳቸው።

አባቷ መረቁኝ። ልጅቷም ምንም አላለች። በሦስት ዓመት ተመርቃ ደመወዝ አመጣች፤ ታናናሾቿን አስተማረች። ምክሬ ውሸት አልነበረም። ግን ያን ቀን እሷን አልጠየቅኳትም። አንድም ጊዜ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላልኳትም። ያ ቢሮ ያለው ሰው «በዲፕሎማ ምን ፈልገሽ መጣሽ?» ሲላት በልቤ ተናደድኩበት። መኪናዋ ከሄደ በኋላ ግን ገባኝ። ዲፕሎማውን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። በሩን የዘጋው እሱ ብቻ አይደለም።

ማታ ደወልኩላትና ይሄንኑ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ቲቸር፣ ያኔ ፕሪፓራቶሪ ልገባ ፈልጌ ነበር። አባዬ ደስ ሲለው አይቼ ነው የተውኩት» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ ይንገሩኝ» አለች። ወቀሳ የለም፤ ሥራ ብቻ።

8. እንግዲህ ምን ይደረግ?

በዚሁ መንገድ ላይ ያላችሁ ተማሪዎቼ ብዙ ናችሁ፤ በኢንቦክስም ትጠይቁኛላችሁ። ከእሷ ጋር ቁጭ ብለን ያወጣነውን እነሆ።

አንደኛ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ማሻሻያ። በመደበኛ ካልተቻለ በቅዳሜና እሁድ። ኮሌጁ ፈቃድና ዕውቅና ያለው መሆኑን ብር ሳትከፍሉ በፊት አጣሩ። የምትማሩት ትምህርት ብቻ ሳይሆን ካምፓሱም ነው ዕውቅና የሚያስፈልገው።

ሁለተኛ፣ የመውጫ ፈተና። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ አንብቡ። ለመጨረሻ ወር የሚተው አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። በየዓመቱ አስጽፋችሁ ያዙ። ኃላፊ ይቀየራል፣ ፋይል ይጠፋል። ዋናውን ቤት አስቀምጡ፣ ኮፒውን ለቢሮ።

አራተኛ፣ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተናው። እንግሊዝኛና ሒሳባዊ አስተሳሰብ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚቸገረው። በቀን ግማሽ ሰዓት እንግሊዝኛ ማንበብ ከዛሬ ይጀመር።

አምስተኛ፣ መስፈርቱ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። የሰው ወሬ ሳይሆን የተለጠፈውን ማስታወቂያ ራሱን አንብቡ። አንዱ ቢሮ መለሰኝ ብላችሁ አትተዉ፤ ሌላውንም አንኳኩ።

ስድስተኛ፣ ደብተራችሁን አትጣሉ! የምታዩትን ጻፉ። የሰው ስም አትጻፉ፣ ገመና ጠብቁ። አንድ ቀን ለፕሮፖዛል ስትቀመጡ ሌላው ሰው ርዕስ ሲፈልግ እናንተ ርዕሱ በእጃችሁ ይሆናል።

ሁሉንም ደምረን ስናሰላው ማስተርስ እስክትይዝ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጅባታል። ቀጥታ ነገርኳት፤ አላቆላመጥኩትም። በ2004 የነገርኳቸው አባቷ ረጅም ነው ብለው የፈሩት መንገድ ስድስት ዓመት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ መልእክት ላከችልኝ። ለዲግሪ ማሻሻያ ተመዝግባለች። ቅዳሜና እሁድ ከወረዳዋ ሆሳዕና ትመላለሳለች። የመጓጓዣው ነገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የወንዙን ደብተርም ገልብጣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስገብታለች፤ የገቢ ቁጥር አሰጥታ። መልስ ገና አልመጣም።

እኔም አንድ ነገር ወስኛለሁ። ከዘንድሮ ጀምሮ ወላጅ ምክር ሊጠይቀኝ ሲመጣ ልጁን ወይም ልጅቷን አስጠርቼ አብረን ነው የምንቀመጠው። መጀመሪያ የሚናገረው ልጁ ነው። የራሴንም ዲግሪ ለብዙ ዓመት «አሁን ደግሞ ረፍዷል» እያልኩ አቆይቼዋለሁ። ከተማሪዬ ጋር በአንድ ቅዳሜ ተመዝግቤያለሁ። ክፍላችን ይለያያል እንጂ መናኸሪያችን አንድ ነው። ብታገኙን ሻይ ጋብዙን።

መምህራን ጓደኞቼ፣ እናንተስ እንዲህ ያለ ምክር ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ? የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ስለ መስፈርቱ የተሳሳትኩት ካለ ከሥር አርሙኝ። እየተማርኩ ነው። መንገድ ላይ ላለ ልጅ ይጠቅማል ካላችሁ አጋሩት።

ቸር ሰንብቱ።